ድምፄ አልወጣ አለ፤ ካራቴ ያልተማረ ሰው ራሱን እንዴት ይከላከል?

ጥያቄው

ሰላም ለሁላችሁ። ሀዋሳ አቶቴ ነው የምኖረው። 34 ዓመቴ ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ቀኑን ሱቅ ውዬ ማታ እገባለሁ። ካራቴም ቴኳንዶም ተምሬ አላውቅም። አሁን ክለብ ገብቼ ቀበቶ እየቀየርኩ የምማርበት ጊዜ የለኝም፤ ገንዘቡም የለም።

ከሦስት ወር በፊት፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ቤት እየገባሁ ነበር። መብራት ሄዷል። ከአስፋልቱ ወደ ኮብልስቶኑ ታጥፌ ሃያ እርምጃ እንኳ አልሄድኩም። አንድ ሰው ከኋላዬ ሻርፔን ጨምድዶ ሳበኝ። አንገቴ ወደ ኋላ ሄደ። በሌላ እጁ ስልኬን ፈልቅቆ ወሰደና ሮጠ። ስሜን ከነአባቴ ጠርቼ እስክጨርስ ያህል እንኳ አልፈጀም።

ስልኩስ ይቅር። የማይወጣልኝ ሌላ ነው። ከፊቴ፣ አሥር ሜትር በማይሞላ ቦታ፣ የጎረቤቴ በር ገርበብ ብሎ የሻማ ብርሃን ይታየኝ ነበር። የሰው ድምፅም እሰማለሁ። አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። ልጆቼን ለምሳ ስጠራ ግቢውን የሚያናጋው ድምፄ የት ገባ? ሰውየው ጥጉን ታጥፎ ከጠፋ በኋላ እንኳ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። እጄ መንቀጥቀጥ የጀመረው ቤት ገብቼ ውሃ ስጠጣ ነው።

አሁን ታናሽ እህቴ ፋብሪካ ተቀጠረች። ሁለተኛ ፈረቃ ነው የደረሳት። ማታ 4 ሰዓት ትወጣለች፣ ሰርቪሱ አስፋልት ላይ ያወርዳታል። ከዚያ ቤት ድረስ በእግር ስምንት ደቂቃ ነው። መንገዱም ያው ኮብልስቶን ነው።

እንግዲህ ልጠይቃችሁ። ምንም ያልሠለጠነ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስበት ምን ማድረግ ይችላል? ድምፅስ ይለመዳል ወይ? እሷን ምን ላስተምራት?

መልሶቹ

ጥያቄውን ማታ ኢንተርኔት ላይ፣ አንድ የውይይት መድረክ ውስጥ ለጥፌ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ 11 መልስ ነበረው፤ በሳምንቱ 47 ደረሰ። ብዙ ሰው በግል እየጻፈ ቁም ነገሩን እንድሰበስብለት ስለጠየቀኝ በየቁጥራቸው እነግራችኋለሁ። የሰዎቹን ስም ትቼዋለሁ። የማይጠቅመውንም ዘልዬዋለሁ።

መልስ 1 አይዞሽ ብሎ የጀመረ ወንድም ነው። ሻርፕ አንገት ላይ ጠምጥሞ መሄድ ለያዥ እጀታ ማበጀት እንደሆነ ነገረኝ። ትከሻ ላይ ጣል ቢደረግ ሲሳብ ሻርፑ ብቻ ይሄዳል። ስልክም በእጅ ይዞ እያበሩ መሄድ ዓይንን ጨለማ እንዳይለምድ ያደርጋል አለ። ይሄ እውነት ነው። ያን ቀን ስልኬን እንደ ባትሪ ይዤው ነበር። ከብርሃኑ ውጪ ያለው ሁሉ ጠፍቶብኝ ነበር።

መልስ 2 ሚጥሚጣ በፌስታል ቋጥረሽ በቦርሳሽ ያዢ የሚል ነበር። መልስ 3 ወዲያው አረመው፤ ሰውየው ራሱ ሞክሮት ያውቃል። ከሰዓት በኋላ፣ የሐይቁ ነፋስ በሚነሳበት ሰዓት፣ ወንድሙን በፎጣ ሸፍኖ ግቢ ውስጥ አቆመውና በተነው። ግማሹ ተመልሶ የገዛ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ከዚያ በፊት ደግሞ ቦርሳ መክፈት አለ፣ ቋጠሮ መፍታት አለ፣ መዝገን አለ። ሌባው ያን ሁሉ ቆሞ አይጠብቅም። ይልቅ ፊሽካ ያዢ አለኝ፤ ከቁልፍሽ ጋር እሰሪው፣ አውጥተሽ በእጅሽ ይዘሽ ሂጂ። የሰፈር ጥበቃዎች ፊሽካ ሲሰሙ እርስ በርስ ይመላለሳሉ፤ ጆሯቸው ለምዶታል። ገበያ ወጥቼ ሁለት ገዛሁ።

መልስ 4 የካራቴ አሠልጣኝ ነው። ለብዙ ዓመት እንዳስተማረ ጠቅሶ፣ በትህትና ግን ቁርጥ ባለ ቋንቋ፣ ሳይሠለጥኑ ራስን መከላከል የሚባል ነገር የለም አለ። ቢያንስ ሁለት ዓመት ያስፈልጋል። ሌላው ሁሉ ሰውን ማታለል ነው፤ እንዲያውም የሐሰት ድፍረት ሰጥቶ ያስገድላል። ሳነበው ልቤ ወደቀ። ለእህቴ ሁለት ዓመት የለኝም፤ ሰኞ ፈረቃ ትገባለች።

መልስ 5 እዚሁ ከተማ ካራቴ የተማረ ልጅ ነው፤ ሰማያዊ ቀበቶ አለው። መነኸሪያ አካባቢ ሁለት ሰዎች ከግራና ከቀኝ ሲይዙት እሱም እንደኔ ድርቅ ብሎ ነው የቀረው። አዳራሹ ውስጥ ሰው ከፊቱ ይቆማል፣ ይሰግዳል፣ ጀምር ይባላል። መንገድ ላይ ግን ዳቦ ልግዛ ወይስ ልለፍ እያለ ሲያስብ ነው የያዙት። ስለዚህ አሠልጣኙ በግማሽ ልክ ነው፣ በግማሽ አይደለም አለ።

መልስ 6ን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ነርስ ነች፤ ድንገተኛ ክፍል የሠራች። አደጋ ሲመጣ ሰውነት መሸሽና መታገል ብቻ አይደለም የሚያውቀው፣ መደንዘዝም አለ አለች። አእምሮ ሳያዝ ሰውነት ይቆለፋል፤ ጉሮሮ ይጠብቃል፤ እግር አይታዘዝም። በፈረንጆቹ 2017 የወጣ የስዊድን ጥናትም ጠቀሰች። ስቶክሆልም ውስጥ ተደፍረው ወደ ድንገተኛ ክሊኒክ ከመጡ 298 ሴቶች ውስጥ 70 በመቶዎቹ በጥቃቱ ጊዜ ሰውነታቸው ደንዝዞ እንደነበር ተናግረዋል። ስለዚህ ለምን አልጮህሽም ብሎ የሚጠይቅሽ ሰው ስለ ሰው አካል ምንም አያውቅም አለችኝ። ለምን አልጮህኩም እያለች ራሷን የምትጠይቅ ሴትም ራሷን ትተው። ያን ሌሊት ከሦስት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና እንቅልፍ ተኛሁ። መልስ 7 የኔ ምስጋና ነው።

ከዚያ መልስ 8 መጣ። አንድ ሰው፣ ሴት ልጅ ከ12 ሰዓት በኋላ ምን ልትሠራ ትወጣለች፣ እህትሽን ቤት አስቀምጫት፣ በቃ የሚል ጻፈ።

እዚህ ላይ የመልሶቹ ክር ተቀጣጠለ። መልስ 9 የሌሊት ተረኛ ሐኪም ነች። እናቱ ሌሊት ምጥ ቢይዛት ማን እንዲያዋልዳት እንደሚፈልግ ጠየቀችው። መልስ 10 ረጋ ያለ ሰው ነው። የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ጀምሮ ሠራተኞቹ በአብዛኛው ወጣት ሴቶች መሆናቸውን አስታወሰ፤ ከገጠር መጥተው አራትና አምስት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ። ፈረቃን እነሱ አልመረጡትም። መልስ 11 ግን ሰውየውን በአባቱ ሰደበው። መልስ 12 የመድረኩ አስተባባሪ ነበር፤ ስድቡን አጥፍቶ ሁለቱንም አስጠነቀቀ።

እኔ ስድቡን አልደግፍም። የመልስ 8 ሐሳብ ግን አሳምሞኛል። ተዘረፍኩ ያለችን ሴት ለምን ወጣሽ ማለት ሌባውን በነጻ መሸኘት ነው። የእህቴ ደመወዝ ደግሞ የእናቴ መድኃኒት ነው።

መልስ 13 ክሩን ወደ መስመር መለሱት። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሁሉም ጋሼ እያለ ነው የመለሰላቸው። እሳቸው ልጅ በነበሩበት ጊዜ ሁለት ሰው ሲጣላ ሦስተኛው በሕግ አምላክ ካለ ዱላ ያነሳ እጅ ባለበት ይቆም ነበር። ቃሉን አልፎ የተማታ ሰው ነውረኛ ይባላል፤ ምስክርም ይቆጠርበታል። ዛሬ ያ እንደማይሠራ ያውቃሉ። ማለት የፈለጉት ሌላ ነው። አንድ ቃል አስቀድሞ ካልተዘጋጀ በጭንቅ ሰዓት አይመጣም። በእሳቸው ዘመን ቃሉ በሁሉም አፍ ላይ ተዘጋጅቶ ይኖር ነበር። እህትሽም ቃሏን አሁኑኑ ትምረጥ አሉ።

ከዚያ በኋላ ያሉት አምስት መልሶች የተከራከሩት ቃሉ ምን ይሁን በሚለው ነው። ለኔ የክሩ ጥሩ ክፍል እዚህ ነው። መልስ 14 እሳት ብለሽ ጩኺ፣ ሰው ለእሳት ይወጣል አለ። መልስ 15 ይሄ የፈረንጅ ምክር ነው ብላ ተቃወመች፤ እኛ ሰፈር እሳት ከተባለ ሰው መጀመሪያ ወደ ገዛ ማድቤቱ ነው የሚሮጠው። ሌባ ማለት ይሻላል አለች።

መልስ 16 እባካችሁ ሌባ አትበሉ አለ። ያየውን ጻፈ። ገበያ ውስጥ አንዲት ሴት ሌባ ብላ ጮኸች። ሌባው አምልጦ፣ እየሮጠ ሚኒባስ ሊይዝ የነበረ አንድ ተማሪ ተያዘ። ድንጋይ የያዘም ነበር፣ ቀበቶ የፈታም ነበር። ፖሊስ ደርሶ ባያስጥለው ያልቅለት ነበር። የሴትየዋ ልቅሶ ዛሬም ጆሮው ላይ እንዳለ ነው የነገረን። ሕዝብ በቁጣ ሲወጣ ዓይኑ አይለይም፤ እኔም ከሱ ጋር ነኝ።

መልስ 17 ኡኡ፣ የሰው ያለህ ይሻላል አለ። ማንንም አይወነጅልም፤ ሰውን ብቻ ይጠራል። አያቶቻችንም ጅብ ሲመጣ፣ ሰው ሲሞት፣ ቤት ሲቃጠል ያሉት ይህንኑ ነው። ጆሯችን ያውቀዋል፤ ሳናስብ ነው የምንነሳው። መልስ 18 በዚህ ላይ ጨመረ፤ ሰው ሲበዛ ረዳት ላይበዛ ይችላል አለ። በፈረንጆቹ 1968 ላታኔና ዳርሊ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የሠሩትን ሙከራ አነሳ። ተማሪዎች በድምፅ ማስተላለፊያ አንድ ሰው የሚጥል በሽታ ሲጥለው ይሰማሉ። እኔ ብቻዬን ነኝ የሰማሁት ብለው ካሰቡት ውስጥ 85 በመቶዎቹ ሰውየው ሳይጨርስ እርዳታ ለመጥራት ወጡ። ሌሎች አራትም ሰምተዋል ብለው ካሰቡት ግን 31 በመቶዎቹ ብቻ። ሁሉም ሌላው ይሄዳል ብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ የሰው ያለህ ካልሽ በኋላ አንዱን ምረጪ አለ። ቢጫ ሹራብ የለበስከው፣ አንተ፣ ና እርዳኝ። ባለ ሱቁ፣ ፖሊስ ጥራ። ስም የተጠራ ሰው ዝም ማለት ይከብደዋል።

ከ19 እስከ 21 ወሬው ወደ አሞራ ገደል፣ ወደ ሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ ሄደ። አንዱ እዚያ ዓሣ ሲበላ ስልኩ እንደተሰረቀ አነሳ፤ ሌላው ጥሬ ዓሣ ወይስ ጥብስ ይሻላል ብሎ ጠየቀ፤ ሦስተኛው ማራቡ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከእጁ ላይ የዓሣ አንጀት እንደነጠቁት ጻፈ። እንለፈው።

መልስ 22 ላይ አሠልጣኙ ተመለሰ። መልስ 5ንና መልስ 6ን አንብቦ አንድ ቀን እንዳሰበበት ጻፈ። ሁለት ዓመት ያልኩት ለውድድር ነው፣ ለማምለጥ ግን ያነሰ ይበቃል አለ። ሰው ሐሳቡን በአደባባይ ሲያስተካክል ማየት ደስ ይላል። ከዚያም በጣም ረጅም መልስ ጻፈ፤ እኔ የገባኝን ልንገራችሁ።

ሰው የእጅሽን አንጓ ከያዘ ደካማው ቦታ የአውራ ጣቱና የሌሎቹ ጣቶቹ መገናኛ ነው። አራቱ ጣቶች አንድ ላይ ያይላሉ፤ አውራ ጣት ብቻውን ነው። እጅሽን ወደ ራስሽ ብቻ አትጎትቺ። የክንድሽን ቀጭን ጠርዝ ወደ ክፍተቱ አዙረሽ፣ ክርንሽን ወደሱ እያስጠጋሽ፣ ባንዴ መንጭቂ። ቡጢ አትጨብጪ፤ ያልሠለጠነ ሰው በቡጢ አጥንት ሲመታ የሚሰበረው የራሱ እጅ ነው። የመዳፍሽን ግርጌ ተጠቀሚ፣ ከታች ወደ ላይ፣ አፍንጫው ላይ። ቅርብ ከሆነ ክርን፤ ከፊትሽ ከተጠጋ ጉልበት እግሩ መሀል። ቴስታም ካልቾም አትሞክሪ፤ አንዱ ራስሽን ያዞረዋል፣ ሌላው በአንድ እግር ያስቆምሽና ይጥልሻል።

ከኋላ በክንድ ካነቀሽ ጊዜ የለሽም። ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ሙሉ በሙሉ ከታፈነ ሰው በአሥር ሰከንድ አካባቢ ራሱን ይስታል። አገጭሽን ወደ ደረትሽ ቅበሪ። ፊትሽን ወደ ክርኑ መታጠፊያ አዙሪ፣ እዚያ ትንሽ ክፍተት አለ። በሁለት እጅሽ ክንዱን ወደ ታች ተንጠልጠዪበት። ከዚያ ተረከዝሽን የእግሩ ጣቶች ላይ። አንድ ነገር ብቻ ደጋግሞ አሳሰበ። የሚመታው ለማሸነፍ አይደለም፤ እጁ የላላባትን ቅጽበት አግኝቶ ለመሮጥ ነው። መታሁት ብሎ ቆሞ የሚያይ ሰው ይያዛል።

መልስ 24 ላይ አንዲት ሴት ከባሏ ጋር ሳሎን ውስጥ ሞክራ አንጓዋን በሦስተኛው ማስለቀቋን ጻፈች። እኔና እህቴም ያን ማታ ሞከርን። መጀመሪያ ሳቅን። አምስተኛው ላይ እጇ ከእጄ ሾልኮ ወጣ፤ አውራ ጣቴ እስከ ማግስቱ ያመኝ ነበር። ለመማር የፈጀብን ጊዜ ቡና እስኪፈላ ያህል ነው።

መልስ 25 የሕግ ባለሙያ ናቸው። የወንጀል ሕጋችን፣ አዋጅ ቁጥር 414/1996፣ አንቀጽ 78 ላይ ሕጋዊ መከላከል የሚባል ነገር አለ። ጥቃቱ ሕገ ወጥ መሆን አለበት። የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ መሆን አለበት። በሌላ መንገድ ሊያመልጡት የማይቻል መሆን አለበት። መከላከያውም ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። ይህ ከተሟላ የተከላከለ ሰው አይቀጣም። መጠኑን ቢያልፍስ? አንቀጽ 79 መልስ አለው። ዳኛው ቅጣቱን ያቀልለታል። መጠኑን ያለፈበት ምክንያት ጥቃቱ የፈጠረበት ድንጋጤ ወይም ፍርሃት ከሆነና ይህም ይቅር የሚባል ከሆነ ፍርድ ቤቱ ጨርሶ ላይቀጣው ይችላል።

መልስ 26 በንዴት ጠየቀ፤ ስልኬን ነጥቆ ሲሮጥ ድንጋይ ወርውሬ ጭንቅላቱን ብለውስ? ባለሙያው በ27 አጭር መልስ ሰጡ። ጀርባውን ሰጥቶ ከሮጠ አንተ ላይ የነበረው አደጋ አልፏል፤ ጭንቅላት ለስልክ አይመጣጠንም። ሰውየው ሕጉ ለሌባ ነው የተጻፈው ብሎ ተቆጣ።

ለሱ የመለሰለት ሕጉ ሳይሆን መልስ 28 ነው። ጸሐፊው ታናሽ ወንድሙን አጥቷል። ልጁ ስልኩን አልለቅም ብሎ ታገለ። ሌባው ሴንጢ ነበረው፤ ማንም አላየም። የቆሰለው ጭኑ ላይ ነው፤ ሰዎች ጭኑ ነው፣ አይገድለውም ብለው ባጃጅ ሲፈልጉ ደሙ ፈሶ አለቀ። አሁን ለሁሉም ሰው የሚለው አንድ ነው፤ ዕቃ ከፈለገ ስጠው። ቦርሳውን ወደ አንድ ጎን ጣለው፣ አንተ ወደ ሌላው ሩጥ። ከዕቃ ያለፈ ነገር ከፈለገ፣ ወደ መኪና ወይም ወደ ጨለማ ሊወስድህ ከፈለገ፣ ያኔ ባለህ ሁሉ ታገል። ነርሷ በ29 ከሥሩ ጻፈች። ደም ሲፈስ በንጹሕ ጨርቅ፣ ካልተገኘ በነጠላም በሻርፕም ቢሆን፣ በሁለት እጅ አጥብቆ መጫን ነው፤ እያነሱ ማየት አያስፈልግም። የተሰካ ስለት አይነቀልም፤ ዙሪያውን ይያዛል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ለሁለት ሰዓት ያህል ማንም ሌላ ነገር አልጻፈም።

መልስ 30 ግን የክሩን አቅጣጫ ቀየረው። እስካሁን የምታወሩት ስለ ማያውቁት ሰውና ስለ ጨለማ ነው አለች አንዲት እህት። የኔ አደጋ በጠራራ ፀሐይ ነበር፤ ሰውየውም የአከራዬ ወንድም ነው። ቡና ጠጡ ተብሎ ይመጣል። ሲወጣ በሩ ላይ ይቆማል። እጇን ይዞ ትንሽ ያቆየዋል። እሷ ኧረ ይተዉ እያለች ትስቃለች። ፈልጋ አይደለም የምትስቀው። ቤቱ የነሱ ነው፤ ሰውየው ትልቅ ሰው ነው፤ ሰው ምን ይለኛል። ይሉኝታ ነው ያሳቃት። እሱ ደግሞ ሳቋን እንደ እሺታ ቆጠረው። አንድ ቀን በሩን ከውስጥ ዘጋው። ያመለጠችው የጎረቤት ልጅ ጨው ልትበደር ስላንኳኳች ነው።

ከዚያ ወዲህ ራሷን ያስተማረችውን ዘረዘረች። መጀመሪያ ሳቁን አጠፋችው። አይሆንም ስትል ፊቷም አይሆንም ይላል። መዳፏን ከደረቷ ፊት ታቆማለች። ምክንያት አትሰጥም፤ ምክንያት ከሰጠሽ ምክንያቱን ይከራከርሻል። አይሆንም፣ አልፈልግም፣ ይውጡልኝ፤ ሦስቱን ቃል መስታወት ፊት ቆማ ተለማመደች። የመጀመሪያ ቀን ሦስተኛውን ሳትጨርስ አለቀሰች።

ይህን አንብቤ ስለራሴ ገባኝ። ያን ማታ ጉሮሮዬን የያዘው ድንጋጤ ብቻ አይደለም። ከልጅነቴ ጀምሮ ቀስ በይ፣ ድምፅሽን አታሰሚ፣ ሴት ልጅ አትጮህም እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ሠላሳ ዓመት ዝም ማለትን የተለማመደ ጉሮሮ በሦስት ሰከንድ እንዴት ይከፈታል? እናቶቻችንን አልወቅስም። እነሱም የተነገራቸውን ነው የነገሩን። ለሴት ልጄ ግን አልደግመውም።

መልስ 31 ለ30 ጥናት አመጣላት። ካናዳ ውስጥ ቻርሊን ሴን የተባለች ተመራማሪ በፈረንጆቹ 2015 ያወጣችው ነው። የመጀመሪያ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ሴት ተማሪዎች በሁለት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን በራሪ ወረቀት ብቻ አገኘ። ሌላው የ12 ሰዓት ትምህርት ወሰደ፤ የሚያውቁት ሰው ሲያጠምድ እንዴት እንደሚለይ፣ ይሉኝታን እንዴት እንደሚያልፉት፣ በመጨረሻም ጥቂት የመከላከል እንቅስቃሴ። በአንድ ዓመት ውስጥ ከወረቀቱ ቡድን 9.8 በመቶ ተደፍረዋል፤ ከተማሩት 5.2 በመቶ። በ12 ሰዓት ማንም የካራቴ ቀበቶ አያገኝም፤ ግን አደጋው ወደ ግማሽ ቀረበ። አሠልጣኙ ከሥሩ ይህን አላውቅም ነበር፣ ለተማሪዎቼ እነግራለሁ ብሎ ጻፈ።

መልስ 33ን የጻፈው ወጣት ወንድ ነው፤ ከልቡ ነው የጠየቀው። ማታ ከአንዲት ሴት ኋላ የምሄድ ከሆነ ምን ላድርግ? አስፈራርቻት ከሆነስ? ሦስት ሴቶች መለሱለት። ወደ ማዶ ተሻገር። ወይ ስልክህን አውጥተህ ከእናትህ ጋር አውራ፣ ድምፅህ ይሰማ። እርምጃህን ከእርምጃዋ ጋር አታስተካክል። አመሰግናለሁ አለ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠየቅ አይቼ አላውቅም፤ አክብሬዋለሁ።

37 እና 38 ስለ ባጃጅ ነው። ከመሳፈርሽ በፊት የጎን ቁጥሩን አይተሽ ጮክ ብለሽ ለሰው በስልክ ንገሪ፤ ስልኩ ባይነሳ እንኳ እንደተነሳ ሆነሽ ተናገሪ። አንድ የባጃጅ ሾፌር ተቀየመ፤ ሁላችንንም ሌባ አደረጋችሁን አለ። ከዚያ ግን እሱ ራሱ ማታ የሚጭናቸውን የፈረቃ ልጆች በር ገብተው እስኪዘጉ መብራቱን አብርቶ እንደሚጠብቅ ጻፈ። ስለ ታሪፍ አሥር መስመር ጨቃጨቁ፣ እሱን ልተወው።

መልስ 40ን ማንም እንዳይዘልላት። ነርሷ ነች፣ ለሦስተኛ ጊዜ። መከላከል ሳይቻል ቀርቶ ጥቃት ከደረሰ፣ ገላን ሳይታጠቡ ልብስም ሳይቀይሩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። ልብስ መቀየር ግድ ከሆነ ሳይታጠብ በወረቀት ከረጢት ይያዝ፤ ፌስታል ያሻግተዋል። የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ 28 ቀን ይወሰዳል። ድንገተኛው የእርግዝና መከላከያ እስከ አምስት ቀን ይሠራል፤ ቶሎ ሲሆን ይበልጥ ይሠራል። ፖሊስ 991 ነው፤ የቅርብ ጣቢያችሁንም ቁጥር ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ለማንም አልናገርም ያለች ሴት እንኳ ለመድኃኒቱ ትሂድ አለች።

በመጨረሻም ወደ ጥያቄዬ ተመለሱ፤ ድምፅ እንዴት ይለመዳል? መልስ 43 መዘምር ነው። ጉሮሮ ሲፈራ ይጠብቃል፣ ስለዚህ ከጉሮሮ አትጀምሪ አለ። መጀመሪያ ያለሽን አየር በሙሉ አውጪ፤ የሚቀጥለው አየር በራሱ ወደ ሆድሽ ይገባል። ጩኸቱ ከዚያ ከሆድ ይነሳ፣ አፍሽም ይከፈት። በሹክሹክታ ቃሉን ደጋግሚ፣ ቀጥሎ በንግግር፣ ቀጥሎ በጩኸት። የት ልጩህ፣ ጎረቤት ይደነግጣል አልኩት። መልስ 45 ጡረተኛው ጋሼ ናቸው። ታቦር ተራራ ውጡ አሉ፤ ጠዋት 12 ሰዓት። ስፖርተኛው ሁሉ እዚያ ነው፣ ማንም አይታዘባችሁም።

መልስ 46 የኔ ነው። እሑድ ጠዋት እኔና እህቴ ታቦር ወጣን። ሐይቁ ገና ጭጋግ ለብሷል። እሷ ቆማ አየሯን አወጣች፣ ሆዷን ያዘች። የመጀመሪያው እንደ ሳል ነው የወጣው። ሁለተኛው ተሰነጠቀ። ወደ እኔ ዞራ ተይው ልትለኝ ነበር፤ ዝም ብዬ አየኋት። ሦስተኛውን ስትለው ከበታቻችን ቁጥቋጦው ውስጥ የነበሩ ወፎች ተነሱ። ትንሽ ቆይቶ አንድ ሰው ዱላውን ይዞ ሽቅብ እየሮጠ መጣ። ከታች ከብት ሲጠብቅ ነው የሰማን። የት አለ፣ ወዴት ሄደ እያለ ግራ ቀኝ ያያል። ልምምድ ነው፣ ይቅርታ አባባ አልነው። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ትንፋሹን ሰበሰበ። ከዚያ እህቴን አይቶ፣ ደግ አደረግሽ ልጄ አላት።

መልስ 47 አንድ ሰው፣ ቃሉ ምን ነበር፣ የቱን መረጠች ብሎ ጠየቀ።

የሰው ያለህ ነው ያለችው።